እጣቢው ከግቢ ሲወጣ የት ይደርሳል?

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ልብስ አጠባና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተወያይተናል። ዛሬ ግን ልናወራው ስለምናፍርበት፣ ይሁን እንጂ በየቀኑ በእጃችን ስለሚያልፍ ነገር እንነጋገራለን። እሱም ከቤታችን የሚወጣው ፍሳሽ ነው። የሳፋው እጣቢ፣ የሽንት ጨርቁ ውኃ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ማለቴ ነው። «ይህማ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እንጂ የሴቶች ገጽ ጉዳይ ነው ወይ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የክርስትና ድግስ ነው።

የአክስቴ ልጅ መዘዞ ውስጥ አስተማሪ ናት። ባለፈው ጥቅምት ወንድ ልጇን በ40 ቀኑ ክርስትና ልታስነሳ ስለነበር «አንቺ ካልመጣሽ አልደግስም» ብላ ላከችብኝና ሄድኩ። መዘዞን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን ካለፋችሁ በኋላ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትታችሁ ወደ መንዝ የሚወስደውን ስትይዙ የምታገኟት ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። ስሟን ከእኛ ይልቅ በውጭ አገር ያሉ የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች የሚያውቁት ይመስለኛል፤ በዚያው በመንዝ በኩል የሚወጣው ኦፓል «የመዘዞ ኦፓል» እየተባለ ይሸጣልና። ብርዷን ግን እኔ እመሰክራለሁ። ሁለት ጋቢ ደርቤ አድሬ እንኳ ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ በምትኖርበት ግቢ አራት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል። ከሕፃናቱ ጋር ብቆጥራቸው 19 ነፍስ ሆኑ። ለሁሉም አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት አለ። የድግሱ ዋዜማ ነበርና የግቢው ሴቶች ከጎሕ ጀምረው ሲያጥቡ ዋሉ። የጠላው ጋን፣ ብረት ድስቱ፣ የተበደሩት ሳህንና ብርጭቆ፣ የልጆቹ ልብስ፣ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ሁሉ ታጠበ። የታጠበበት ውኃ ደግሞ በሳፋ በሳፋ እየሆነ ከግቢው በር ላይ ወደ መንገዱ ይደፋል። መንገዱ ራሱ ቦይ አውጥቷል፤ ውኃው በዚያች ቦይ አረፋውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። እኔም ነጠላዬን አገልድሜ እንደነሱ አደረግሁ። ሦስተኛውን ሳፋ ስደፋ ከታችኛው ግቢ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ።

«እንግዳ ነሽ መሰለኝ ልጄ፤ ስለዚህ አንቺን አልቆጣም» አሉኝ። «ግን ይህ የምትደፊው ውኃ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?»

«ወደ ታች ነዋ እማማ» አልኳቸው፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«አዎን ወደ ታች። ታች ያለሁት እኔ ነኝ።»

አፈርኩ። ሳፋዬን አስቀምጬ ተከተልኳቸው። ያቺ ቦይ የአጥራቸውን ሥር ቦርቡራ ገብታ፣ የነጭ ሽንኩርት መደባቸውን አቋርጣ፣ ከግቢው ጥግ ጠቁራ ተኝታለች። ከተኛችበት እስከ ውኃ ጉድጓዳቸው በእርምጃ ብለካው 12 ሆነ። እሳቸው ቧንቧ አላስገቡም፤ የሚጠጡትም የሚያበስሉትም ከዚያው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ በገመድ እየሳቡ ነው። አብሯቸው የሚኖር የአራት ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ከሐምሌ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ እንደወሰዱት ነገሩኝ። ሕፃኑን አየሁት፤ አንገቱ ቀጥኗል።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ነገሩን ሳነሳባት ፊቷ ተለወጠ። ለካ ሁለቱ ከተኳረፉ ወራት አልፈዋል። አሮጊቷ የልጁ ገንፎ ሲበላ እንኳ አልመጡም። «እህቴ፣ የት ልድፋው?» አለችኝ። «ግቢው እንደምታይው ጠባብ ነው። ሽንት ቤቱ ውስጥ ብደፋው ይሞላና ለ19 ሰው መግቢያ ይጠፋል። በር ላይ ብደፋው እማማ ይቀየማሉ። ተሸክሜው ልዙር?» እውነቷን ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቧንቧው ሳይገባ በፊት የዚያ ግቢ ሴቶች ውኃ በጀሪካን ተሸክመው ያመጡ ነበር። ተሸክመው ያመጡት ውኃ ደግሞ እንደማይደፋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አትክልት የታጠበበት ልብስ ይዘፈዘፍበታል፣ ልብስ የታጠበበት ወለል ይረጭበታል። መሬቱ ይጠጣዋል እንጂ ከግቢ አይወጣም። አሁን ግን ቧንቧው በር ላይ ነው። አንድ ሰው በቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ብቻ ቢጠቀም፣ 19 ሰው 380 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አምስት እጅ ቢደረግ አራቱ እጅ ተመልሶ እጣቢ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም በቀን 300 ሊትር ገደማ ነው። በዓመት ከ500 በርሜል ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ጠባብ ግቢ ነው።

ቧንቧ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ እልልታ ይቀልጣል። የሚገባው ያደርጋል፤ የሴትን ወገብ ያሳረፈ ነገር ነውና። ነገር ግን ውኃው በገባበት ልክ ሊወጣ እንደሆነ በዚያ ዕለት የሚያነሳ ሰው አላየሁም። የፍሳሽ ቦይ ሪባን ሲቆረጥለትም አላየሁም። ውኃውን ወደ ቤት ያስገባው ማዘጋጃ ቤት ወይም የውኃ ጽሕፈት ቤት ይሆናል፤ የሚያስወጣው ግን የእናት እጅና ሳፋ ነው። ይህ ጉዳይ የሴቶች ገጽ ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሽንት ጨርቁ ልምጣ። ብዙ እናቶች «የሕፃን ዐይነ ምድር ንጹሕ ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ምን አለበት?» ሲሉ እሰማለሁ። በመዘዞው ግቢም ይህንኑ ሰማሁ፤ የሽንት ጨርቁ ውኃ ከሳህኑ ውኃ ጋር እኩል ከበር ላይ ሲደፋ ያየሁትም ለዚሁ ነው። ይህ አስተሳሰብ አደገኛ ነው። ልጅ ከታመመ ተቅማጡ የያዘው ተሐዋስያን ትልቅ ሰው ከሚያወጣው አያንስም።

በዚህ ነገር በዓለም ታሪክ የተጻፈ አንድ አሳዛኝ ምሳሌ አለ። በ1854 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አንዲት እናት በተቅማጥ የታመመች የጥቂት ወር ሕፃን ልጅ ነበረቻት። እናትየዋ የልጅቷን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ነበር። የጉድጓዱ ግንብ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። ከእሱ እስከ ሠፈሩ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ያለው ርቀት ደግሞ አንድ ሜትር አይሞላም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ የሠፈሩ ሰዎች በኮሌራ አለቁ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው የሚተላለፈው በውኃ መሆኑን ያስረዳው በዚያው ጊዜ ሲሆን፣ የሽንት ጨርቁን ነገር ቤት ለቤት ጠይቆ የደረሰበት ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለ የሠፈሩ ቄስ ነበር። በዚያች ምስኪን እናት ላይ የሚፈርድ ልብ የለኝም። ሕፃን ልጇ ሞታባታለች፤ ውኃውን የደፋችውም ሌላ መድፊያ ስላልነበራት ነው።

ስለዚህ የሽንት ጨርቅ ስናጥብ መጀመሪያ ጨርቁ ላይ ያለውን ሽንት ቤት ውስጥ አራግፈን፣ የመጀመሪያውን እጣቢም እዚያው ደፍተን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሳሙናውን ውኃ ከሌላው እጣቢ ጋር እንደባልቀው። ከዚያም እጃችንን በሳሙና ካልሆነም በአመድ እንታጠብ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ከተቅማጥ ሌላ ሁለት ጠላቶች አሉ። አንዱ ወስፋት ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በዚያች ጥቁር ቦይ የሚጫወት ልጅ ጣቱን ወደ አፉ ሲወስድ ምን ይዞ እንደሚገባ ከዚህ ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛው የዐይን ትራኮማ ነው። የአማራ ክልል ለረጅም ዘመን በዚህ በሽታ በዓለም እጅግ ከተጎዱት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። የሕፃናትን ዐይን የምትከበው ያቺ ትንሽ ዝንብ እንቁላሏን መጣል የምትወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው፤ ጥልቅ በሆነ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። እንግዲህ ሽንት ቤትና የልጅ ዐይን የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

በክርስትናው ዕለት ከተጋባዦቹ መካከል አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሠልጥነው ከተመደቡት ከብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች እንዷ ናት። ጠላው እየተቀዳ ሳለ የአሮጊቷን ነገር ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ሳቀችና «የዚህ ከተማ ግማሽ ጠብ ይኸው ነው» አለችኝ። ከዚያ ያስረዳችኝን እንደሚመቸኝ አድርጌ ላካፍላችሁ።

እጣቢ ውኃ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከሽንት ቤቱ የተለየ የራሱ ጉድጓድ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች፣ ወርዱም አንድ ሜትር ያህል ተደርጎ ይቆፈርና ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ጠጠር ይሞላል። ውኃው በድንጋዩ መካከል እያለፈ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ መሬቱም ያጣራዋል። ዋናው ብልሃት ከአፉ ላይ ነው። ከመድፊያው ላይ ሣር ወይም ጭድ የተጎዘጎዘበት ያረጀ ቅርጫት ይቀመጣል። የሽንኩርት ልጣጩ፣ የእንጀራ ፍርፋሪውና የወጡ ቅባት እዚያው ይቀራል። ሣሩ በየሳምንቱ ካልተለወጠ ቅባቱ ጠጠሩን ይደፍነውና ጉድጓዱ አይሠራም። ብዙ ሰው ጉድጓዱን ቆፍሮ ሣሩን ይረሳል።

ይሁንና መሬት ሁሉ ውኃ አያሰርግም። የሰሜን ሸዋ ደጋ በብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ያብጥና ውኃ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት መሬቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ስንዝር ተኩል ያህል የሚጠልቅ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት እንደገና ሙሉት። ያ ውኃ እስከ ማታ ድረስ ካልሰረገ መሬቱ አይሆንም። እንዲያ ከሆነ ጥልቀት የሌለው ረዘም ያለ ቦይ ቆፍሮ፣ ጠጠር ሞልቶ፣ በላዩ ቄጠማና ደንገል መትከል ይቻላል። ሥሩ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ቆሻሻውን ይበሉታል፣ ተክሉም ውኃውን ይጠጣዋል። በሌላው ዓለም ትንንሽ ከተሞች ፍሳሻቸውን በዚህ መንገድ ያጣራሉ። ለበዓል ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ ይህ ሁሉ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የሽንት ቤቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ጉድጓዱ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ውኃው ካለበት ቦታም በታች በኩል እንጂ በላይ በኩል መሆን የለበትም። የጉድጓዱ ወለል ከመሬት ውስጥ ውኃ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ማለት ይኖርበታል። መሬቱ የተሰነጠቀ አለት ከሆነ ግን 30 ሜትሩም አይበቃም፤ ፍሳሹ በስንጥቁ ሳይጣራ ሩቅ ይሄዳልና። በአሮጊቷ ግቢ የነበረው 12 እርምጃ ምን ያህል እንዳሳሰበኝ ከዚህ ተረዱልኝ። የላይኛው ግቢ ሽንት ቤትም ከዚያ ጉድጓድ ብዙም አይርቅም።

ደግሞ ይሞላል። አንድ ሰው በዓመት 50 ሊትር ያህል ዝቃጭ ይጨምራል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ፣ የላይኛው ግማሽ ሜትር ቢተው እንኳ 2,500 ሊትር ይይዛል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ቢጠቀምበት ለአሥር ዓመት ይበቃል። 19 ሰው ቢጠቀምበት ግን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ፌስታል፣ ጨርቅ፣ ጠርሙስና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ከተጣለበት ከዚያም ያንሳል። በአከራይ ግቢ «ሽንት ቤቱ ሞላ» የሚለው ጩኸት በየሁለት ዓመቱ የሚሰማው ለዚህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትመክረው ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ በተራ እንዲሠራበት ነው፤ አንዱ ሲሞላ በአፈር ተከድኖ ያርፋል፣ ሌላው ይሠራል። በቆላ አገር ከአንድ ዓመት በላይ ካረፈ ብዙው አደጋ ይጠፋል። እንደ መዘዞ ባለ ብርዳም ደጋ ግን የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን ቶሎ ስለማይሠሩ ቢያንስ ሁለት ዓመት መጠበቅ ይገባል። ከዚያ በፊት ተዝቆ ለጓሮ ጎመን የሚሰጥ ማዳበሪያ ወስፋቱን ከነሕይወቱ ይመልስልናል።

ሲሚንቶ መግዛት ለሚችሉ ግቢዎች ሁለት ክፍል ያለው የሴፕቲክ ታንክ አለ። በመጀመሪያው ትልቁ ክፍል ዝቃጩ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ በመካከል ያለው ውኃ ወደ ሁለተኛው ያልፍና ወደ መስረጊያው ይሄዳል። ብዙዎች ከሴፕቲክ ታንክ የወጣ ውኃ ንጹሕ ይመስላቸዋል። አይደለም። ደለሉን አራግፏል እንጂ ተሐዋስያኑ አብረውት ናቸው፤ ስለዚህ ወደ መንገድ ወይም ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግቢና ጎረቤት የሚፈታው ነገር ነው። ግቢው ሲጠብ፣ ቤቱ ሲበዛ፣ ከተማዋ ስታድግ ግን የአንድ ቤት ጉድጓድ ብቻውን አይበቃም። ዝቃጩን የሚመጥ መኪና ያስፈልጋል። መኪናው ቢመጣ ደግሞ የመጠጠውን የት ይደፋዋል? መልስ የሌለው ከሆነ የሚደፋው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል ወይም ወንዝ ውስጥ ነው። ጣርማ በር ላይ ቆሞ አገሩን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከዚያ በስተ ምሥራቅ የወረደ ውኃ ወደ አዋሽ፣ በስተ ምዕራብ የፈሰሰ ደግሞ በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። በየመንገዱ ሁሉ «ታች ያለሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው አለ።

ለትንሽ ከተማ የሚሆነው ማጣሪያ ፋብሪካ የሚያህል ነገር አይደለም። ኩሬ ነው። የመጀመሪያው ኩሬ ከሁለት እስከ አምስት ሜትር ጠልቆ ደለሉን ያስቀራል። ሁለተኛው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ በፀሐይ የሚያድገው አረንጓዴ ሽበት አየር ይሰጠውና ቆሻሻው ይበላል። የመጨረሻው ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ፀሐይ ራሷ ተሐዋስያኑን ትገድላለች። ኤሌክትሪክም ሞተርም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከመኖሪያ የራቀ ሰፊ መሬት፣ አጥርና አረም የሚያነሳ ዘበኛ ነው። በብርድ አገር ውኃው ኩሬው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ስላለበት መሬቱ መጨመር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ለመስኖ በሚውል የፍሳሽ ውኃ አንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ የወስፋት እንቁላል በላይ እንዳይገኝ ነው። በደንብ የተሠራ ኩሬ ወደዚህ ይደርሳል። ማዘጋጃ ቤት ለገበያ፣ ለትምህርት ቤትና ለመቃብር ቦታ እንደሚለይ ሁሉ ለዝቃጭ ማድረቂያና ለኩሬ የሚሆን ቦታ ዛሬ፣ መሬቱ በቤት ሳይያዝ፣ ቢለይ ዋጋው እንዲያ አይከብድም።

«እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ለእኛ ቃሊቲ አለልን» የምትሉ ደግሞ አትቸኩሉ። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በኩሬ ሲጀመር የሚቀበለው በቀን ወደ 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ መልክ ተሠርቶ አቅሙ 100,000 ሜትር ኩብ ደርሷል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መስመሩ የማይደርስባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ ጠዋት የደፋችሁት የሳፋ ውኃ በቦይ ወርዶ አቃቂ ወንዝ ገብቶ ይሆናል። በዚያ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ከገበያ ገዝተን የምናስገባው እኛው ነን። ከመዘዞ አሮጊት ይልቅ እኛ የምንለየው የደፋነውን ሰው እጅ ዞሮ ሲመለስ ስለማናየው ብቻ ነው።

ታዲያ ሴቶች ተነስተው ምን ያደርጋሉ? በዚሁ በአማራ ክልል የሆነውን ልንገራችሁ። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል ትራኮማን ለመከላከል በካርተር ማዕከል ድጋፍ ሽንት ቤት ማሠራት ሲጀመር 10,000 ይሠራል ተብሎ ታስቦ ነበር። በዓመቱ የተሠራው ወደ 90,000 ተጠጋ። ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ በምሥራቅ ጎጃም ያለው ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ሲሆን፣ ነገሩን የገፉት ሴቶቹ ነበሩ። ምክንያታቸው በሽታው ብቻ አልነበረም። ወንድ ቀን ሜዳ ሲወጣ የሚናገረው የለም፤ ሴት ግን ሰው እንዳያያት ጀምበር እስክትጠልቅ ሆዷን ይዛ ትውላለች። ይህን መከራ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ሽንት ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ ስለሚሠራ ባሎቻቸውን አስቆፈሩ፣ እነሱ መረጉ። በአገር ደረጃም ለውጡ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ቆጠራ እንደሚያሳየው በ1990 እ.ኤ.አ. ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ይወጡ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር ወደ 29 ወርዷል። ጉድጓዱን መቆፈሩን ችለናል። የሞላውን ጉድጓድ ምን እናድርገው የሚለው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ወደ መዘዞ ልመለስ። ከክርስትናው ማግስት የግቢው ሴቶች ቡና ላይ ተቀመጡ። የአክስቴ ልጅ ትልቁን የድፎ ቁራሽ በመሶብ ይዛ ታች ወረደች፤ እኔ ሩቅ ሆኜ አየሁ። አሮጊቷ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ በትራቸውን አስቀምጠው ድፎውን ተቀበሉ። ከሰዓት በኋላ መሬቱ በውኃ ተፈተነ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው አልሰረገም፣ ከኋላ በኩል ያለው ግን እስከ ማታ ጠጣ። ባሎቹ ቅዳሜ ቆፈሩት። ድንጋዩን ልጆች ለቀሙ። አከራዩ «ግቢዬን አበላሻችሁ» ብሎ ሊቆጣ ቢሞክርም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አናገረችው። እማማም የጉድጓዳቸውን ውኃ ሳያፈሉ ለሕፃኑ እንዳይሰጡ፣ የሚጠጣውን ደግሞ በተቻለ መጠን ከላይኛው ግቢ ቧንቧ እንዲቀዱ ተስማሙ። ለዚህም ገንዘብ አይከፍሉም ተባለ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወልኩ። የመስረጊያው ጉድጓድ አንድ ጊዜ ተደፍኖ ነበር፤ ሣሩን የሚለውጥ ሰው ጠፍቶ። አሁን ሣሩን በየሰንበቱ የሚልኩት እማማ ናቸው አለችኝ፣ እየሳቀች። ሕፃኑ ከኅዳር ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታመመው። ሽንት ቤቱ ግን ሊሞላ ሁለት ስንዝር ቀርቶታል፤ ለሁለተኛ ጉድጓድ የሚሆን ቦታ ግቢው ውስጥ የለም። አራቱ እናቶች ተፈራርመው የዝቃጭ መድፊያ ቦታ እንዲለይ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ አስገብተዋል። መልሱን ሲሰጧቸው እጽፍላችኋለሁ።